በሳጥን የተቆለፈው ጊታር፦ «ቤታችሁ ያለው ጊታር ሚሊዮን ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ እዚህ ደብረ ማርቆስ ወዳለችው ክፍሌ መጡ። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። ሕፃን መስሎኝ ደንግጬ ተነሣሁ። ሲፈቱት ቦክስ ጊታር ነው። አቧራ ጠጥቷል። ሁለት ክር ብቻ ቀርቶታል። ክሩ የሚታሰርበት ድልድይ ከደረቱ ተነሥቶ አፉን ከፍቷል። እማማ ተቀመጡ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ በሩን አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ። ስንት ሚሊዮን ያወጣል?» አሉኝ።

ሚሊዮኑ ከየት እንደመጣ ለመገመት ጊዜ አልፈጀብኝም። ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። እኔ ብቻ ከአምስት ሰው ደርሶኛል። ጊታር ስለምጠግን ነው መሰል ያገኘኝ ሁሉ «አየኸው?» ይለኛል። አይቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጥሩ ተጽፏል፤ ያስጎመጃል። ጸሐፊው ለአገራቸው ሰው አስበው እንደጻፉትም ያስታውቃል። ችግሩ አብዛኛው ልክ አለመሆኑ ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው አሜሪካ የሚኖሩ የጎጃም ሰው ናቸው። እዚያ ሰው ቤት ሲለቅ ወይም ጓዳውን ሲያጸዳ የማይፈልገውን ዕቃ ግቢው ላይ ዘርግቶ ይሸጣል። ያርድ ሴል ይሉታል። ድስት፣ የልጅ ብስክሌት፣ መጻሕፍት፣ አንዳንዴም ጊታር። በጥቂት ዶላር የተገዛ ጊታር ኋላ ብዙ ሺህ፣ አልፎም ሚሊዮን አውጥቷል ይላሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደኛ ያዞራሉ። ክርክራቸው እንዲህ ይሄዳል፦ ጊታር ሲያረጅ ይወደዳል። ራሱ ላይ፣ መቃኛዎቹ ባሉበት፣ ያለው ስምና ሲሪያል ቁጥሩ ዋጋውን ይነግራል። ጎጃም ውስጥ የውጭ አገር መምህራን የተዋቸው እንዲህ ያሉ ጊታሮች በየቤቱ አሉ። ያገኘ ሰው አጽድቶ፣ ቀለሙን አድሶ፣ ወደ አሜሪካ ልኮ ይሽጥ። ከሌላ ሰው የሚገዛ ደግሞ የሚያውቀውን ሳይናገር፣ ምንም እንደማያውቅ ሆኖ ይከራከር። በመጨረሻም መሰንቆንና በገናን ጨምረው «የአያቶቻችንም ዕቃ እንደዚያው ነው» ብለው ይዘጋሉ።

የማምንላቸውን አስቀድሜ ልመን። ያርድ ሴል ላይ ጥሩ ጊታር ማግኘት ተረት አይደለም። ባሏ የሞተባት ሴት ወይም አባቱን የቀበረ ልጅ የያዘውን ሳያውቅ በሃያ ዶላር ይሸጣል። ይህ ይደርሳል። ጠብ ያለኝ ከዚህ በኋላ ካሉት ጋር ነው።

ከምሳሌዎቻቸው ልጀምር፤ ሰውን ያሰከረው እሱ ነውና። የመጀመሪያው ቢትልስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ አባል የነበረው የጆን ሌነን ጊታር ነው። ታሪኩ እውነት ነው። ጊብሰን የሚባል የአሜሪካ ፋብሪካ የሠራው፣ ጄ-160ኢ የተባለ ጊታር፣ እ.ኤ.አ. በ1963 መጨረሻ ለንደን ውስጥ ጠፋ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ በ175 ዶላር ገዛው። የማን እንደነበር ሳያውቅ ዐርባ ዓመት ገደማ ቤቱ አኖረው። እ.ኤ.አ. በ2015 በጨረታ 2.41 ሚሊዮን ዶላር አወጣ።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ያን ገንዘብ ያወጣው ምኑ ነው? እንጨቱ ነው? ያው ፋብሪካ በዚያው ዘመን የሠራው፣ የሌነን እጅ ያልነካው ጄ-160ኢ ዛሬ የሚሸጠው በሺዎች ዶላር ነው። የቀረው ሁለት ሚሊዮን ምናምን የተከፈለው ለጊታር አይደለም፤ ለሌነን ነው። የእማማ ጊታር ሌነንን አላየውም።

ሁለተኛው ምሳሌ የዚያው ባንድ አባል የፖል ማካርትኒ ሆፍነር ቤዝ ጊታር ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ሀምቡርግ ላይ በ30 ፓውንድ ተገዛ። በ1972 ለንደን ውስጥ ከመኪና ተሰረቀ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንግሊዝ አገር ከአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ተገኘ። ጸሐፊው «ጣሪያችሁን ፈትሹ» ብለው ጻፉ። መጨረሻውን ግን ዘለሉት። ጊታሩ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። የተሰረቀ ዕቃ ነዋ! ሚሊዮን ያስገኘ ምሳሌ ነው ወይስ ሌባ ያጋለጠ?

ደግሞ የሚጻፍልን የደረሰላቸው ሰዎች ታሪክ ብቻ ነው። ሎተሪ የወጣለት ሰው ፎቶው ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ያልወጣለት ቲኬቱን ቀዶ ወደ ሥራው ይሄዳል። በየሳምንቱ ያርድ ሴል ሲዞር ኖሮ አምስት የማይቃኝ ጊታር ጋራዡ ውስጥ የከመረ ሰው ጽሑፍ አይጽፍም። ቢጽፍም ማንም ለማንም አይልክለትም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር። ጊታር ሲያረጅ ይወደዳል ወይ?

አንዳንዱ ይወደዳል። ግን በማርጀቱ አይደለም። ቺካጎ ውስጥ ሃርመኒ የሚባል ፋብሪካ ነበር። በዘመኑ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጊታሮች ሠርቷል። ሲርስ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ መደብር ሲልቨርቶን የሚል ስም እየለጠፈ በካታሎግ ይሸጥለት ነበር፤ ከማረሻና ከብርድ ልብስ ጋር ማለት ነው። ለጀማሪ ልጆች የተሠሩ፣ ብዙዎቹ ርካሽ ነበሩ። ዛሬ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። አንዳንድ ሞዴሎች ፈላጊ አግኝተዋል። የቀሩት ግን አርጅተውም ርካሽ ናቸው።

ሌላውን ጫፍ እዩት። ጊብሰን እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 የሠራው፣ ከመሀል ቢጫ ሆኖ ወደ ዳር የሚቀላው፣ ሌስ ፖል የሚባለው ኤሌክትሪክ ጊታር ዛሬ በመቶ ሺዎች ዶላር ይሸጣል። የሚገርመው ያኔ ገዢ አላገኘም ነበር። ጠቅላላ የተሠራው ከ2,000 አይበልጥም። ፋብሪካው ሰልችቶት ቅርጹን ለወጠው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኤሪክ ክላፕተንን የመሳሰሉ የእንግሊዝ ጊታሪስቶች አንሥተው ሲጫወቱበት ነው ሰው «ይሄ ድምፅ ከየት መጣ?» ያለው። ያስወደደው ዕድሜው ሳይሆን ትንሽ መሠራቱና ብዙ መፈለጉ ነው።

ስትራቶካስተር የሚባለውን ኤሌክትሪክ ጊታር የሚሠራውን የአሜሪካ ፋብሪካ፣ ፌንደርን ውሰዱ። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በጥር 1965 ሲቢኤስ ለሚባል ኩባንያ ተሸጠ። ተጫዋቾች ከዚያ በኋላ ጥራቱ ወረደ ብለው ያምናሉ። የ1964 ስትራቶካስተርና የ1974 ስትራቶካስተር በዕድሜ የሚለያዩት በዐሥር ዓመት ብቻ ነው። ሁለቱም ከእኔ ይበልጣሉ። ዋጋቸው ግን ጎን ለጎን አይቆምም። ነገሩ ዕድሜ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ይህን ያህል ባልሰፋ ነበር።

«ስሙንና ቁጥሩን እዩ፣ ይበቃል» የሚለው ደግሞ አደገኛ ምክር ነው። ስም በስቲከር ይለጠፋል። እዚህ ከተማ ራሱ ላይ «ጊብሰን» ተብሎ የተጻፈበት ጊታር መጥቶልኝ ያውቃል። ጽሑፉን የጻፈው የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው ነው። እጁን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ምግብ ቤቶች ላይ ያንኑ ፊደል ጽፏል። ባለቤቱን ስነግረው ተሳሳቅን።

ቁጥሩስ? ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አንዱን ቁጥር በተለያየ ዓመት፣ ለተለያየ ጊታር ደጋግሞ መትቶታል። ቁጥሩን ብቻ ይዞ ዓመት የሚናገር ሰው ሊሳሳት ይችላል። ይልቅ ከራሱ ጀርባ «በአሜሪካ የተሠራ» የሚል በእንግሊዝኛ የተመታ ማኅተም ካለ ብዙ ጊዜ እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ ነው ማለት ነው። ይህችን አንዲት ነገር ማወቅ ብቻ ከብዙ ሕልም ያድናል። የፌንደር ቁጥር ደግሞ በድሮዎቹ ላይ ያለው አንገቱን ከአካሉ ጋር በሚያስረው ብረት ላይ ነው። ብረቱ በአራት ቡሎን ይፈታል። የተፈታ ነገር ይቀየራል።

በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ እኔ የማምነው የድምፅ ማስተካከያው ቁልፍ ሥር ያለችውን ፖት ነው። ጀርባዋ ላይ ቁጥር አለ። ለምሳሌ 1376622 ቢል፣ 137 የሠራት ፋብሪካ መለያ ነው። 66 ዓመቱ ነው። 22 ሳምንቱ። ማንም ለማታለል ብሎ እዚያ ድረስ እምብዛም አይገባም። እሷም ብትሆን ሙሉ ምስክር አይደለችም። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1966 ብዙ ፖት ገዝቶ ለዓመታት ሲጠቀምበት ኖሯል። ስለዚህ ፖቷ የምትለው «ጊታሩ ከዚህ በፊት አልተሠራም» ነው እንጂ «በዚህ ዓመት ተሠራ» አይደለም። ብየዳዋ ከተነካካ ደግሞ ያንንም አትልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ጸሐፊው «ወዳጄ ያርድ ሴል ላይ ያገኘው የ1962 ስትራቶካስተር» ብለው ፎቶ አያይዘዋል። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። የጊታሩ ራስ ትልቁ ዓይነት ነው። ፌንደር የስትራቶካስተርን ራስ ያሰፋው በ1965 መጨረሻ ነው። ከራሱ ሥር፣ በአንገቱ ውስጥ የሚሄደው ብረት ጫፉ ጥይት መስሎ ወጥቷል። ጀርባው ላይ አንገቱ በሦስት ቡሎን ነው የታሰረው። ሁለቱም ከ1971 በፊት በስትራቶካስተር ላይ አልነበሩም። ስለዚህ ያ ጊታር የ1962 ሊሆን አይችልም። ቢያንስ አንገቱና አካሉ አይደሉም። ወዳጃቸው አልከሰሩም፤ የ1970ዎቹም ዛሬ ጥሩ ገንዘብ ያወጣል። ግን ሌሎችን ለማስተማር የቀረበው ማስረጃ ራሱ በዐሥር ዓመት ከሳተ፣ እማማ የራሳቸውን በምን ይለዩት?

ወደ ጎጃም እንምጣ። የኔም ልብ ያለው እዚህ ነው።

ጸሐፊው ከታሪኩ ያገኙት እውነት አለ። የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ወደ አገራችን መጥተው በየክፍለ ሀገሩ አስተምረዋል። ጊታር ይዞ የመጣ እንደነበር የድሮ ተማሪዎች ዛሬም ያወራሉ። ባሕር ዳር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒክ ተከፍቶ የሩሲያ መምህራን ነበሩባት። ይህን የጻፉትን አመሰግናለሁ፤ ልጆቻችን አያውቁትም።

ግን አስቡት። ሃያ ሁለት ዓመቱ የሆነ ልጅ፣ ሁለት ዓመት ሊያስተምር ወደማያውቀው አገር ሲመጣ የትኛውን ጊታር ይይዛል? ውዱን እቤቱ ይተዋል። ተሰበረ ብሎ የማያለቅስበትን ይይዛል። ሲሄድም ቢተወው የሚተወው ያንኑ ነው። ሶቪየት የመጡት ጊታሮች ደግሞ ሌላ ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ሰባት ክር አላቸው። አንገታቸው ከጀርባ በአንድ ቡሎን ይያያዛል፤ በቁልፍ ስታዞረው ክሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ደስ የሚል ብልሃት ነው። ሰብሳቢ ግን ገንዘብ አይከፍልበትም። ያን ዘመን ኤሌክትሪክ ጊታርና የአሜሪካ ሙዚቃ በብዛት የነበረው የአሜሪካ ጦር ቃኘው ጣቢያ ባለበት አስመራ፣ እንዲሁም የክብር ዘበኛና የፖሊስ ባንዶች ባሉበት አዲስ አበባ ነው። ለደብረ ማርቆስና ለዳንግላ የደረሰው ፍርፋሪ ነው።

እኛ ዘንድ ያርድ ሴልም የለም። ዕቃ የሚዞረው በሌላ መንገድ ነው። ልዋጭ አለ፤ አሮጌ ልብስ ወስዶ የፕላስቲክ ሳፋ ይሰጥሃል። ቆራሌው አለ። ዝውውር የደረሰው መምህር ወይም የባንክ ሠራተኛ አለ፤ አልጋውንና ቁም ሳጥኑን ለጎረቤት ሽጦ ይሄዳል። ቅዳሜ ገበያ አለ። በእነዚህ መንገዶች ጊታር ሲያልፍ ያየሁት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። ፍኖተ ሰላም አንድ ቤት ዶሮ ታቅፋበት አይቻለሁ። ክሩን ቆርጠው፣ ቀዳዳውን አስፍተው፣ ጭድ ጎዝጉዘውላታል። ባለቤቱን «ጊታር እኮ ነው» ስለው «ታዲያ ዐሥራ አንድ ፈለፈለች» አለኝ። ምን እመልሳለሁ?

በጎጃም አሮጌ ጊታር በርግጥ የሚገኝበትን ቦታ ጸሐፊው አላነሡትም። የትምህርት ቤትና የባህል መሥሪያ ቤት መጋዘን ነው። በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ነበር። ጎጃም ደግሞ ግሽ ዓባይን የመሰለ ቡድን ያፈራች አገር ናት። መሣሪያዎቹ ኋላ መጋዘን ገቡ። ከዓመታት በኋላ መሥሪያ ቤቱ ንብረት ሲያስወግድ፣ እግር ከሌለው ወንበርና ከዛገ የጽሕፈት መኪና ጋር በአንድ ላይ ሐራጅ ይወጣሉ። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሐራጅ ላይ ገብቼ፣ ዐሥራ ሁለት የተሰበረ ወንበር አሸንፌ ሁለት ጊታርና አንድ ቆዳው የተቀደደ ድራም አብረው መጡልኝ። ወንበሮቹን ለማገዶ ሸጥኩ። ከሁለቱ ጊታር አንድ ደህና ጊታር ወጣ። አሁን አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ቤቱ ይለማመድበታል። ሚሊዮን አላገኘሁም፤ ወንበሩ ግን ወጪዬን መልሷል።

ጸሐፊው ያልቆጠሩት ሌላም ነገር አለ። የአየራችን ነገር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጋው ደረቅ ነው፤ ክረምቱ ዝናብ በዝናብ። እንጨት ይጠባል፣ ያብጣል። ቆጥ ላይ ከምድጃ ጢስ በላይ ሃምሳ ዓመት የከረመ ጊታር ሙጫው ይለቃል፤ ደረቱ ይሰነጠቃል፤ አንገቱ ይጎብጣል። ከሁሉ የባሰው የክሩ ጉዳይ ነው። ለናይሎን ክር የተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር ያስሩበታል። የናይሎኑ ስድስት ክር በአንድ ላይ 40 ኪሎ ገደማ ይስባል። የብረቱ 70 ያልፋል። ድልድዩ አይችለውም። ቀስ እያለ ደረቱን ይዞ ይነሣል። ወደኔ ከሚመጡት ቦክስ ጊታሮች ብዙዎቹ ሕመማቸው ይኸው ነው።

«ቀለሙን አድሱ» የሚለውን ምክር ሳነብ እጄ ራሴ ላይ ሄደ። ይህን ስሕተት ራሴ ሠርቼዋለሁ። ልጅ ሆኜ ከአጎቴ ያገኘሁት፣ ቀለሙ የተሰነጣጠቀ ጊታር ነበረኝ። ብርጭቆ ወረቀት ገዝቼ ሁለት ቀን ፈገፈግሁት። ከዚያ የበር ቫርኒሽ ቀባሁት። አብረቀረቀ። እናቴ ሳይቀር አመሰገነችኝ። ድምፁ ግን ጣውላ ሆነ። ውስጡ ያለችውን ወረቀትም፣ የሠሪው ስም ያለባትን፣ «ቆሻሻ» ብዬ ፍቄ አውጥቻታለሁ። ዛሬ ያ ጊታር ምን እንደነበር የማውቅበት መንገድ የለም። ምናልባት ተራ ነበር። ምናልባትም አልነበረም። የዘጋሁት እኔ ነኝ።

በአሮጌ ጊታር ገበያ ደንቡ ተገላቢጦሽ ነው። የተሰነጣጠቀ የራሱ ቀለም ያለው፣ አዲስ ከተቀባው ይወደዳል። በነጋዴዎች ልማድ እንደገና የተቀባ ጊታር ዋጋው ግማሽ ገደማ ይወርዳል። መቃኛውን በአዲስ መቀየር፣ ፒክአፑን (የክሩን ድምፅ የሚይዘውን ማግኔት) ማውጣት፣ አዲስ ቀዳዳ መብሳት፣ ሁሉም ይቀንሳል። እውነት ነው አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግና የዛገውን ክር ማውጣት አይጎዳም። እዚህ ላይ እስማማለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ እጅን መሰብሰብ ነው። ብሎኑ ሳይቀር ቢወልቅ በላስቲክ ተቋጥሮ ከጊታሩ ጋር ይቀመጥ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነጥብ። «የምታውቁትን አትናገሩ።»

ጸሐፊው መከላከያ አላቸው። «ዕውቀት ያለው ሰው ደክሞበታል፤ ለድካሙ ማትረፍ መብቱ ነው» ይላሉ። ትርፍ ኃጢአት ነው አላልኩም። እኔም አተርፋለሁ። የድሀ ሴት ጊታር በ300 ብር ገዝቶ፣ ውድ መሆኑን እያወቁ «እንዲያው ለልጄ መጫወቻ ነው» ማለት ግን ትርፍ አይባልም። ያርድ ሴል ላይ ገዢውና ሻጩ ዳግም አይተያዩ ይሆናል። እኛ ግን ዕድር አለን። ሻጯን ነገ ልቅሶ ቤት ታገኛታለህ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ታገኛታለህ። ነገሩ ከወጣ ሰላምታ ትነፍግሃለች፤ እሷ ብትተውህ እንኳ ልጇ አይተውህም።

ሥነ ምግባሩን ተዉትና በሒሳብ ብቻ እንይ። የሌነን ጊታር ያስተማረን ምንድን ነው? ዋጋው ያለው ታሪኩ ላይ ነው። ታሪኩ ደግሞ ያለው ሻጩ ጋ ነው። ጊታሩን ማን አመጣው? በየትኛው ዓመት? ፎቶ አለ? ደብዳቤ? የተገዛበት ደረሰኝ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ይሆን? አላዋቂ መስለህ የምትገዛ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ አትችልም። ከጠየቅህ ትነቃብሃለች። ስለዚህ እንጨቱን ይዘህ ወረቀቱን ጥለህ ትሄዳለህ። ውዱን ዕቃ ለመስረቅ ስትል ውድ የሚያደርገውን ነገር አጣህ ማለት ነው። እውነቱን ተናግረህ «ውድ ከሆነ እንካፈላለን» ብትላት ግን ሳጥኗን ራሷ ትከፍትልሃለች። ይህን በሐራጅ ዕቃ ላይ ሞክሬዋለሁ። የመጋዘኑ ሠራተኛ የነገረኝ ነገር ከጊታሩ ይበልጥ ጠቅሞኛል።

«ወደ አሜሪካ ላኩት» የሚለውም እንደተወራው ቀላል አይደለም። የድሮ ጥሩ ቦክስ ጊታሮች ጀርባቸው የብራዚል ሮዝውድ በሚባል እንጨት ይሠራ ነበር። ማርቲን የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. እስከ 1969 ድረስ ሲጠቀምበት ኖሯል። ይህ እንጨት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ የታገደ ነው። ወረቀት የሌለው ድንበር ላይ ይያዛል። ውድ የሆነውን ጊታር፣ ውድ ያደረገው እንጨት ራሱ ያሳስረዋል።

መሰንቆውን ቶሎ ልለፈው፤ ግን ዝም ልለው አልችልም። መሰንቆ እንደ ጊታር አይቆጠርም። ቆዳው ይቀደዳል፣ በአዲስ ፍየል ቆዳ ይወጠራል። የፈረስ ጭራው ይበጠሳል፣ ይቀየራል። ደጋኑ ይሰበራል። አንድ አዝማሪ «ይህ የአባቴ መሰንቆ ነው» ሲል ምናልባት የአባቱ የቀረው እጀታው ብቻ ነው። አያፍርበትም። መሰንቆ የሚኖረው እየታደሰ ነው። የጊታር ሰብሳቢ ሕግ እዚህ አይሠራም፤ የሚወደደው ተጫዋቹ ነው። በቤተ ክርስቲያንና በገዳም ያሉ ከበሮና ጸናጽል፣ እንዲሁም የቆዩ በገናዎች ደግሞ ለገበያ መታሰብም የለባቸውም። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ጸሐፊው ይህን አስበው እንዳልጻፉት አምናለሁ። አንባቢው ግን ያስባል።

እማማን አልረሳኋቸውም። መብራት አበርቼ በድምፅ ቀዳዳው ውስጥ አየሁ። ወረቀቷ አለች። ማርክኖይኪርሸን ይላል። በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን ያለች፣ ከጥንት ጀምሮ መሣሪያ ሲሠራባት የኖረች ከተማ ናት። ሙዚማ የሚባለው ትልቁ የመንግሥት ፋብሪካ እዚያ ነበር። ጊታሩ የተማሪ ጊታር ነው። ደህና እንጨት፣ ደህና ሥራ። ሰብሳቢ አይሻማበትም። ቀስ ብዬ ነገርኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ «ሟቹ ኪነት ውስጥ ይጫወትበት ነበር» አሉ። የልጅ ልጃቸው ልትማርበት ስትለምናቸው እንደከረመች ነገሩኝ። እሺ ሊሉ ሲሉ ያ ጽሑፍ መጣ። ያነበበችላቸውም እሷው ናት። በዚያው ማታ ጊታሩን ሳጥን ውስጥ አስገብተው ቆለፉባት። ሁለት ሳምንት ሆነው።

ድልድዩን መልሼ አጣበቅሁ። ሁለት ቀን በመቆንጠጫ አሰርኩት። ከደረቱ ላይ ምንም አልፈቀፈቅሁም። ቅዳሜ ልጅቷ ልትወስደው መጣች። ክሩን ስጨርስ ዐይኗን ከእጄ አላነሣችም።

«አያቴ መጀመሪያ ሚሊዮን ነው ብላኝ ነበር» አለች።

«ናይሎን ነው» አልኳት። «የብረት ክር እንዳታስሪበት።»